አኻያ በወንዝ ዳር፣ አስል በአሸዋ ዳር፦ ከደማምና ከኮበር ምድር ለገዳም እርሻ የሚሆን ትምህርት

ዳዊት የሚደግም ሁሉ የአኻያን ስም ያውቃል፤ ዛፉን በዓይኑ አይቶ ይህ ነው ብሎ የሚለይ ግን ጥቂት ነው። ተማርከው ወደ ባቢሎን የወረዱት ሰዎች የዜማ ዕቃቸውን የሰቀሉበት ዛፍ በአማርኛው መጽሐፍ አኻያ ይባላል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23ም ለዳስ በዓል እንዲያዙ ከታዘዙት ቅርንጫፎች አንዱ የወንዝ አኻያ ነው። በአንዱ ስፍራ የኀዘን፣ በሌላው የደስታ ምልክት ሆኖ የተጠራ ዛፍ በሀገራችን ወንዞች ዳር ዛሬም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ስሙን የሚጠራው፣ ጥቅሙንም የሚያስብ ሰው አያገኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሡን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በየክረምቱ ከገዳማት ግርጌ እየሰፋ የሚሄደው ቦረቦር ነው፤ ጎርፉ ያለፈበት እርሻ በሚቀጥለው ዓመት ዘር አይቀበልም። ሁለተኛው ከሩቅ ሀገር፣ በተለይም ከሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል ከደማምና ከኮበር ለሥራ ቆይተው የሚመለሱ ወይም ስእለታቸውን በዘመድ እጅ የሚልኩ ምእመናን ናቸው። እነዚህ ወገኖች ለገዳም ምን ይጠቅማል ብለው ይጠይቃሉ። የኖሩበትን ምድር በሚገባ ስንመረምረው፣ ለዚህ ጥያቄ ከሚሆኑት መልሶች አንዱ እዚያው እነርሱ በየቀኑ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቆሞ እናገኘዋለን።

አኻያ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

የሀገራችን አኻያ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ከጥንት ጀምሮ በአፍሪካ ወንዞች ዳር የበቀለ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ ሲሆን በላይ በኩል አረንጓዴ፣ በታች በኩል ነጣ ያለ ነው። ቅርንጫፉ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ለቅርጫትና ለአጥር ሽመና ይመቻል። ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ይገኛሉ፤ ወንዴ አበባ ያለው ዛፍ ፍሬ አይሰጥም። ንቦች አበባውን ይወዱታል፤ ፍየልና ከብትም ቅጠሉን ይቀነጥባሉ። ይህ የኋለኛው ነገር ጥቅሙም ጉዳቱም ነው፤ በድርቅ ወራት መኖ ይሆናል፣ ያልታጠረ ችግኝ ግን ከጥርስ አይተርፍም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ በሥሩ ላይ ነው። የአኻያ ሥር ብዙና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የወንዝን ዳር እንደ መረብ ይዞ ያቆማል። ከዚህም ሌላ ቁራጩ በእርጥብ አፈር ከተተከለ ራሱ ሥር አውጥቶ ዛፍ ይሆናል። ዘር መሰብሰብ፣ ማፍላት፣ በላስቲክ ከረጢት ማሳደግ አያስፈልገውም። ለችግኝ ጣቢያ ገንዘብ ለሌለው ገዳም ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ መድኃኒትነቱም ጥቂት እንበል። ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1763 የአኻያ ልጥ ደርቆ ተፈጭቶ ለትኩሳት እንደሚረዳ ለሀገሩ የሳይንስ ማኅበር ጽፎ አሳወቀ። በሚቀጥለው ምእት ዓመት ሊቃውንት ከልጡ ውስጥ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለዩት፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ባየር በተባለው የጀርመን ኩባንያ ውስጥ ዛሬ አስፒሪን የምንለው መድኃኒት ተቀመመ። ይህን ስናነሣ ግን ልጡን ልጦ መጠጣትን እየመከርን አይደለም። ልኩ ያልታወቀ ነገር ጨጓራን ሊያደማ ይችላልና ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል።

የባቢሎን ዛፍ

ሊቃውንት ስለ ባቢሎኑ ዛፍ ብዙ ተከራክረዋል። ስዊድናዊው ካርል ሊንየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የዕፅዋትን ስም ሲያወጣ ቅርንጫፉ ወደ ምድር የሚንጠለጠለውን አኻያ የመዝሙሩ ዛፍ ነው ብሎ አስቦ የባቢሎን አኻያ ብሎ ሰየመው። ኋላ ግን ዛፉ ከቻይና የተገኘ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ብዙ የዕፅዋት ተመራማሪዎች በባቢሎን ወንዞች ዳር የነበረው የኤፍራጥስ ፖፕላር የሚባለው ዛፍ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ይህም ከአኻያ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ፣ በወጣትነቱ ቅጠሉ አኻያን የሚመስል ዛፍ ነው።

የኤፍራጥስና የጤግሮስ ውኃ ተባብሮ የሚፈስሰው ወደ ባሕረ ሰላጤው ነው። ደማምና ኮበርም በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የተሠሩ ከተሞች ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ደወል ርቆ በዚያ የሚሠራ ወገናችን ያን መዝሙር ሲደግም የሚያስበው ወንዝ ከእርሱ ባሕር ጋር የተያያዘ መሆኑን ቢያውቅ ደስ ይለው ይሆናል። ነገር ግን በደማም ወንዝ የለም፤ አኻያም የጣፋጭ ውኃ ዛፍ ስለሆነ ለዚያ ጨዋማ ምድር አይስማማውም። ታዲያ አኻያ በማይበቅልበት ስፍራ ገበሬው እርሻውን በምን ጠበቀ?

በተምር ጥላ ሥር

ደማምና ኮበር ዛሬ የሰፉ ከተሞች ይሁኑ እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት የዓሣ አጥማጆችና የሉል ጠላቂዎች መንደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 በአቅራቢያቸው በዳህራን 7ኛው የደማም ጉድጓድ በብዛት የሚሸጥ ነዳጅ ካፈለቀ ወዲህ ነው ታሪካቸው የተለወጠው። ከነዳጁ በፊት የዚያ ምድር ሀብት ሁለት ነበር፤ አንዱ ሉል፣ ሌላው ተምር። ከደማም በስተሰሜን ቅርብ የሆነው ቀጢፍና ወደ ደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አል-አሕሳ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ የበረሓ ምንጭ ምድሮች ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በባሕሬን ዋና ከተማ በመናማ ባደረገው ጉባኤ አል-አሕሳን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 2.5 ሚሊዮን የተምር ዛፎች ያሉት፣ በዓለም ትልቁ የበረሓ ምንጭ ምድር መሆኑን ገልጿል። መናማ ከኮበር በድልድይ የምትደረስ ከተማ ናት፤ ንጉሥ ፋህድ ድልድይ የሚባለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እ.ኤ.አ. በ1986 ተከፍቷል።

የአል-አሕሳ እርሻ እንደ ፎቅ ቤት ነው። በላይኛው ደርብ ተምሩ ቆሞ የሚያቃጥለውን ፀሐይ ይከላከላል። በመካከለኛው ደርብ ሎሚ፣ ሮማን፣ በለስ ይበቅላል። በታችኛው ደርብ ደግሞ የከብት መኖ የሆነው አልፋልፋ፣ አትክልት፣ በአንዳንድ ስፍራም የአል-አሕሳ ቀይ ሩዝ ይዘራል። ለአንዱ የተጠጣ ውኃ ለሦስቱም ይሆናል። ተምሩ ባይኖር ከታች ያለው በአንድ ቀን ሐሩር ይጠወልጋል፤ ከታች ያለው ባይኖር ደግሞ ገበሬው ተምሩ እስኪደርስ የሚበላው፣ ለከብቱም የሚያቀርበው አይኖረውም። ዛሬ በግብርና ትምህርት ቤት አግሮፎረስትሪ ወይም ጥምር የደንና የእርሻ ልማት የሚባለው ነገር በዚያ ምድር የአያት ቅድመ አያት ልማድ ነው።

ተምርም እንደ አኻያ ወንዴና ሴቴው የተለየ ነው። ገበሬው በአበባ ወራት ዛፉ ላይ ወጥቶ የወንዴውን አበባ በሴቴው ላይ በእጁ ያስራል፤ አንድ ወንዴ ለብዙ ሴቴ ይበቃል። ተክሉን የሚያበዛውም በፍሬው ሳይሆን ከእናቲቱ ሥር በሚበቅሉት ልጆች ነው፤ በፍሬ ቢዘራ ወንዴ ይሁን ሴቴ፣ ጣፋጭ ይሁን መራራ አይታወቅምና። በደማም ዙሪያ በአትክልት ሥራ የተሰማሩ ወገኖች ይህን ሁሉ በእጃቸው ያውቁታል።

አሸዋን ያቆመ ዛፍ

የዚህ ምድር ጠላት አሸዋ ነው። ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በሚነፍስባቸው ወራት የአሸዋው ክምር ከስፍራው ተነሥቶ ይጓዛል። በአል-አሕሳ አሸዋው ከሰሜንና ከምሥራቅ በኩል እየገፋ የእርሻ ቦታዎችንና መንደሮችን ሲቀብር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1962 መንግሥት አሸዋውን በዛፍ ለማቆም ሰፊ ሥራ ጀመረ፤ ዛፎቹ የተተከሉበት ስፍራም ኋላ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ለዚህ ሥራ በብዛት የተመረጠው ዛፍ ዐረቦች አስል የሚሉት ነው።

አስል የአኻያ ዘመድ አይደለም፤ ጠባዩ ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላል። የአስልም ቁራጭ በእርጥብ ስፍራ ሲተከል ሥር ይሰድዳል። ሥሩ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ አሸዋ ቢጫነውም ግንዱ እንደገና ሥር አውጥቶ ከአሸዋው በላይ ያድጋል። ጨውን ከሥሩ ስቦ በቅጠሉ ላይ ያወጣዋል፤ ቅጠሉን የነካ ሰው በምላሱ ሊያውቀው ይችላል። አብርሃም በቤርሳቤህ ተከለው ተብሎ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 የተጻፈው ዛፍ በዕብራይስጡ ኤሼል ይባላል፤ ይህም ከዐረብኛው አስል ጋር አንድ ቃል ነው። ከእርሻ ዳር ዛፍ መትከል ምን ያህል የቆየ ነገር እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ። የአስል ቅጠል ጨው ስላለበት ከሥሩ ሌላ ተክል በቀላሉ አይበቅልም። ስለዚህ የአል-አሕሳ ሰዎች አስልን በተምርና በአልፋልፋው መካከል ሳይሆን በዳር፣ ነፋሱና አሸዋው በሚመጣበት በኩል ተከሉት። ግንዱንም ለቤት ጣሪያ ይጠቀሙበት ነበር። የዛፉን ጠባይ አውቀው ስፍራውን ለዩለት ማለት ነው። ይህን ያላስተዋሉ ሀገሮች ተጎድተዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ለጥላ የተተከለው አስል እ.ኤ.አ. ከ1974 ጎርፍ በኋላ በፊንክ ወንዝ ዳር ያለ ልክ ተሰራጭቶ የሀገሩን ዛፎች አፈናቀለ። በእኛም ሀገር አፋር ምድር ለበጎ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ የግጦሹን ሜዳ ወርሶ አርብቶ አደሩን ማስጨነቁ የታወቀ ነው።

ከኮበር ቤቶች እስከ ተምሩ ሥር

የአል-አሕሳ ታሪክ የምስጋና ብቻ አይደለም። ይህ ምድር የለመለመው ከመሬት ውስጥ በራሳቸው ግፊት ይፈልቁ በነበሩ ታላላቅ ምንጮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ትልቅ የመስኖና የውኃ ማስወገጃ ቦይ ሥራ ተመረቀ። ነገር ግን በሞተር የሚሳቡ ጉድጓዶች እየበዙ ሲሄዱ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወረደ፣ ምንጮቹም በራሳቸው መፍሰሳቸውን አቆሙ። ዛፉ ምንም ያህል ቢበዛ ከሚገባው በላይ የሚቀዳውን ውኃ አይመልስም። በቀጢፍ ደግሞ ብዙ የተምር ቦታ በከተማ መስፋፋት ተዋጠ።

ለዚህ ከተፈለጉት መፍትሔዎች አንዱ በከተማ የተጠቀሙበትን ውኃ አጣርቶ ለእርሻ መመለስ ነው። ከኮበር ማጣሪያ የሚወጣ ውኃ በትልቅ ቧንቧ ወደ አል-አሕሳ ይሄዳል። ስለዚህ በኮበር ቤት ውስጥ ዕቃ የምታጥብ፣ ወለል የምትወለውል እኅታችን በእጅዋ ያለፈው ውኃ በመጨረሻ የተምር ሥር ሊያጠጣ ይችላል። ድካምዋን የሚያይላት እንደሌለ ለሚሰማት ሰው ይህ ትንሽ ማጽናኛ ነው። ለእኛ ለምንጭ ባለቤቶች ደግሞ ተግሣጽ ነው፤ ምንጭ የሌላቸው አንዱን ውኃ ሁለት ጊዜ ሲጠቀሙ፣ እኛ ከተራራችን የሚወርደውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳንጠቀምበት አፈራችንን ይዞ እንዲሄድ እንተወዋለን።

የዘጌ አባቶች ሥርዓት

ዛፍንና እርሻን ማስማማት ለገዳሞቻችንም እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ያለችው የዘጌ ምድር ምስክር ናት። በትውፊት እንደሚነገረው አቡነ በትረ ማርያም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ለዘጌ ሰዎች መተዳደሪያ እንዲሆኑ አገኙ፤ ምድሩም በበሬ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት ሥርዓት ሆነ። ማረሻ ባለመግባቱ ደኑ ተጠበቀ፤ በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ቡናው በቀለ፤ ሰዉም ቡናውንና ጌሾውን እየሸጠ እህል ገዛ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ሌሎቹን አድባራት ለመሳለም የሄደ ሁሉ በዚያ የቡና ደን ውስጥ በእግሩ ያለፈ ነው።

በሀገራችን ደቡብ ደግሞ የጌዴኦ ሕዝብ እንሰትንና ቡናን በትልልቅ ዛፎች ሥር አዋሕዶ በገደላማ ምድር ላይ ሲኖር ቆይቷል። ይህ የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የሚያስደንቀው ጉባኤው የተደረገው በሳዑዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ መሆኑ ነው። በዐረብ ምድር የአል-አሕሳ፣ በሀገራችን የጌዴኦ ገበሬ ሳይተዋወቁ ለአንድ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ ሰጥተዋል፤ አንዱ ለሐሩሩ፣ ሌላው ለጎርፉ።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ ጥንታዊ ዛፍ ማየት ብርቅ ሆኗል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ባደረጉት ጥናት ከብት በነጻነት የሚገባበት ደን ራሱን በችግኝ መተካት እንደሚያቅተው አሳይተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም በበርካታ አጥቢያዎች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ድንጋዩ ከማሳው የተለቀመ በመሆኑ ገበሬውም ማሳው ጠራለት፣ ደኑም አጥር አገኘ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሲታዩ ደኑ ደኅና ይመስላል፤ ከሥራቸው ልጅ ከሌላቸው ግን ዛፎቹ የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ባሕር ዛፍ በምንጭ ራስ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷል፤ ውለታው አይካድም። ለገዳማትም ፈጣን ገቢ ይሆናል፤ ለጣሪያና ለአጥር እንጨት ይሰጣል። ጥያቄው የት ይተከል የሚለው ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ በብዛት ይጠጣል፣ ከሥሩም ሣር ስለሚያሳሳ ተዳፋት መሬትን ለጎርፍ ያጋልጣል። በምንጭ ራስና በጸበል አካባቢ ከተተከለ የሚያስከትለውን ብዙ አባቶች በዓይናቸው አይተዋል፤ የበጋው ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀጠነ ይሄዳል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከማሳ ርቆ፣ ለብቻው በተለየ ቦታ ቢሆን ይሻላል።

አኻያም ቢሆን ውኃ የሚወድ ዛፍ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ትንሽ ምንጭ ዐይን ላይ፣ ከጸበል ቤት ቧንቧ አጠገብ ወይም ከሕንፃ መሠረት ዳር መትከል ስሕተት ነው፤ ሥሩ ውኃውን ተከትሎ ቧንቧ ይዘጋል። ስፍራው ወንዝ ዳር፣ ረግረጋማ መሬትና የቦረቦር ግርጌ ነው። በምንጭ ራስ ላይ ግን እንደ ወይራ፣ ጽድና ዋንዛ ያሉትን የሀገር ዛፎች ተክሎ ከከብት መከለል ይበልጣል።

አኻያን እንዴት እንትከል?

ሥራው ለአንድ መነኩሴና ለአንድ ተማሪ የሚበቃ ነው። በጤናማ ዛፍ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል፤ አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ይዞ በተሳለ ቢላዋ ይቆረጣል። የታችኛው ጫፍ ሹል፣ የላይኛው ደልዳላ ሆኖ ቢቆረጥ ወደ አፈር ለማስገባትም፣ ላይና ታቹን ለመለየትም ይረዳል፤ ተገልብጦ የተተከለ በሚገባ አይበቅልምና። ቁራጩ በዚያው ቀን ይተከል፤ ካልሆነም በውኃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት ይገባል። ክረምት ሲገባ፣ አፈሩ ሲርስ፣ ከሦስት እጁ ሁለቱ ወደ መሬት ገብቶ አንዱ እጅ ከላይ ይቀራል። በዙሪያው ያለው አፈር በእግር ጠበቅ ተደርጎ ይረገጣል፤ አየር የገባበት ሥር ይደርቃልና።

ቦረቦር ለማዳን ሥራው ከላይ ይጀመራል። ጎርፉን ከምንጩ ሳይቀንሱ በግርጌው ብቻ መትከል የክረምቱን የመጀመሪያ ደራሽ ውኃ አይችለውም። ስለዚህ አስቀድሞ በተዳፋቱ ላይ እርከን ይሠራል፤ በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ይካባል፤ ከክትሩ ኋላ ደለል ሲሞላ በደለሉ ላይ የአኻያ ቁራጭ በተርታ ይተከላል። ድንጋዩ ቶሎ ያቆማል ነገር ግን እያረጀ ይሄዳል፤ አኻያው ቶሎ አያቆምም ነገር ግን እያደገ ይጠነክራል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይረከባል።

በማሳ ዳር ሲተከል ለእህሉ ጥቂት ሜትር ርቀት ይተውለት፤ ጥላውና ሥሩ አዝመራውን እንዳይሻማው። የነፋስ መከላከያ ከሆነ ደግሞ እንደ ግድግዳ ድፍን ባይሆን ይመረጣል፤ ድፍን ነገር ነፋሱን ወደ ላይ አንሥቶ ከኋላው በኃይል ይጥለዋል፤ ጥቂት የሚያሳልፍ የዛፍ ተርታ ግን ያበርደዋል። እንዲህ ያለው ተርታ ከቁመቱ አሥር እጥፍ በላይ ርቀት ድረስ ማሳውን ይጠብቃል፤ ይህም ማለት አምስት ሜትር የሚቆም ዛፍ ከኋላው ሃምሳ ሜትር መሬት ያሳርፋል ማለት ነው። ዛፉ ከጠና በኋላ ቅርንጫፉን በየጊዜው መመልመል ይቻላል፤ እንደገና ያቆጠቁጣል። የተመለመለውም ለቅርጫት፣ ለአጥር፣ ለማገዶ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተከላ ይሆናል። የንብ ቀፎ ላለው ገዳም ወንዴውንም ሴቴውንም ቀላቅሎ መትከል ይበጃል። ዋናው ጥበቃ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ከከብትና ከፍየል ማጠር ነው፤ ይህ ካልተደረገ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ዛፍን ለስእለት

ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 በግዛትዋ 10 ቢሊዮን ዛፍ ለመትከል ማቀዷን አስታወቀች፤ ሀገራችንም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ ታካሂዳለች። ቁጥሩ በጎ ነው፤ ዛፍ ግን በተተከለበት ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ይቆጠራል። የገዳም ብልጫም እዚህ ላይ ነው። ገዳም ቋሚ ነዋሪ አለው፤ ለሚቀጥለው ትውልድ መትከልን የሚያውቅ ማኅበር ነው፤ አጥር የሚጠብቅ፣ ውኃ የሚያጠጣ እጅ አያጣም።

በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህም የሚመለሱት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ባዶ እጃቸውን የመጡ መስሎአቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ነገር ግን በአትክልት ስፍራ የሠራ ወንድም ውኃን በጠብታ ማጠጣትን፣ ቁራጭ መትከልን፣ ተምር ማበጀትን ተምሮ መጥቷል፤ ይህ ዕውቀት በጉምሩክ የማይፈተሽ ሀብት ነው። አበምኔቶችና የልማት ክፍል ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ሰው ለበዓል ሲመጣ ቢያነጋግሩት፣ አንድ ቀን ከመነኮሳቱና ከአብነት ተማሪዎቹ ጋር በእርሻው ቢያውሉት ከሚያመጣው ገንዘብ የማያንስ ጥቅም ያገኛሉ።

ስእለት የሚያስገቡ ምእመናንም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። ጥላና መጋረጃ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው፤ ሲሚንቶም ለሕንፃ ያስፈልጋል። ከዚያ ጎን ግን ለአንድ ቦረቦር የክትር ሥራ፣ ለአንድ ወንዝ ዳር የአጥር ሽቦ፣ ለሁለት ዓመት የጠባቂ ቀለብ መስጠት ይቻላል። ይህ ስጦታ የሰጪው ስም አይጻፍበትም፤ ግን ሰጪው ከአምስት ዓመት በኋላ ለንግሥ ሲመጣ ቦረቦሩ መቆሙን፣ እርሻውም ዘር መቀበሉን በዓይኑ ያያል።

የአል-አሕሳ ሰዎች አሸዋ እየወረሳቸው ሳለ ለምድራቸው የሚስማማውን ዛፍ መረጡ፣ ስፍራውን ለዩ፣ ተከሉ፣ ጠበቁትም። እኛ የሚወርሰን አሸዋ ሳይሆን የሚሸሸን አፈር ነው፤ ለእርሱ የሚስማማው ዛፍም በወንዛችን ዳር ሳንከፍልበት ቆሟል። ክረምት ሲገባ፣ ሰኔ ሳያልፍ፣ እያንዳንዱ ገዳም ከአንድ ቦረቦር ይጀምር፤ ተሳላሚውም ሲመጣ ቢያንስ አንድ ቁራጭ በእጁ ተክሎ፣ አጥሩን አይቶ ይመለስ።